የደቡብ ነዋሪ ኦርካዎችና የመኖሪያቸው ጥበቃ

የደቡብ ነዋሪዎች የሚባሉት ኦርካዎች፣ ማለትም ገዳይ ዓሣ ነባሪዎች፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛትና በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ መካከል በተዘረጋው የሳሊሽ ባሕርና በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ ይኖራሉ። ጄ፣ ኬ እና ኤል በሚባሉ ሦስት መንጋዎች የተከፈሉ ሲሆን፣ ወንዱም ሆነ ሴቷ ዕድሜ ልካቸውን ከእናታቸው አይለዩም። ዛሬ የቀሩት 75 ገደማ ብቻ ናቸው።

ለቁጥራቸው መመናመን የመጀመሪያው ምክንያት ሰው ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በርካታ ግልገሎች ለውሃ ትርኢት ቤቶች ሲባል ተይዘው የተወሰዱ ሲሆን፣ በ1970 በፔን ኮቭ ከተያዙት አንዷ የሆነችው ቶኪታይ ወደ ባሕሯ ሳትመለስ በ2023 ማያሚ ውስጥ ሞታለች። አሜሪካ በ2005 በሕግ ጥበቃ ሥር ያዋለቻቸው ሲሆን፣ በ2006 የተከለለውን ወሳኝ መኖሪያቸውንም በ2021 እስከ ካሊፎርኒያ ዳርቻ አስፍታዋለች።

የዛሬው ዋና ችግር ግን ረሃብ ነው። እነዚህ ኦርካዎች በዋናነት የሚመገቡት ቺኑክ የተባለውን፣ በወንዝ የሚፈለፈለውን ትልቅ የሳልሞን ዓሣ ሲሆን፣ ዓሣው በግድብ፣ በደን ጭፍጨፋና በከተሞች መስፋፋት ሳቢያ ተመናምኗል። በዚያው ባሕር የሚኖሩት፣ አቆስጣ የሚያድኑት ሌሎች ኦርካዎች ቁጥር ግን እየጨመረ መሄዱ የምግብን ወሳኝነት በግልጽ ያሳያል። የተራበ ኦርካ የገዛ ጮማውን ሲያቃጥል በውስጡ የተከማቸው ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ወደ ደሙ ይገባል፤ እናትም በወተቷ ለግልገሏ ታስተላልፈዋለች። ጄ35 በሚል መለያ የምትታወቀው ታሌኳ በ2018 የሞተ ግልገሏን ለ17 ቀናት ተሸክማ መዋኘቷ የብዙ ሰው ልብ የሰበረው፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ሐዘን በዓይን የታየበት በመሆኑ ነው።

ኦርካ የሚያድነው የራሱን ድምፅ ማሚቶ እያዳመጠ በመሆኑ የመርከብ ጩኸት ዓሣውን ይሰውርበታል። ስለዚህ የዋሽንግተን ሕግ ከጥር 2025 ጀምሮ ጀልባዎች ቢያንስ 1,000 ያርድ (914 ሜትር) እንዲርቁ ያስገድዳል። ርቀትን መደንገግ ግን ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከባዱ ወንዞችን ለሳልሞን መመለስ ነው። በኤልዋ ወንዝ ላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች በ2014 ፈርሰው አልቀዋል፤ በክላማዝ ወንዝ ላይ የነበሩት አራት ግድቦች ደግሞ በ2024 ተነሥተው አልቀዋል። በታችኛው ስኔክ ወንዝ የሚገኙት አራት ግድቦች ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጩና የስንዴ ጀልባዎች መተላለፊያ ስለሆኑ እስካሁን እያከራከሩ ነው።