የሕንፃ ስሌት ውጤቶች የሶፍትዌር ማሳያ፦ በመሀል አዲስ አበባ አሠራር

የውጤት ማሳያ የሚባለው የሕንፃው ሞዴል ከተሰላ በኋላ መፈናቀልን፣ ሞመንትን (የማጉበጥ ውጤት)፣ ሸርን (የመቁረጥ ኃይል) እና የድጋፍ ኃይልን በቅርጽ፣ በዲያግራምና በቀለም የሚያቀርበው የሶፍትዌሩ ክፍል ነው። በመሀል አዲስ አበባ የዲዛይን ቢሮዎች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአምስት ኪሎና የልደታ ግቢዎች፣ ለሕንፃ ኢታብስ፣ ለስላብ (የወለል ኮንክሪት) እና ለመሠረት ሴፍ፣ ለጣሪያና ለልዩ ልዩ መዋቅሮች ሳፕ 2000 የተባሉት ሶፍትዌሮች የተለመዱ ናቸው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የሞመንት ዲያግራም ሳይሆን ከጭነት በኋላ ያለው ቅርጽ ነው። በእንቅስቃሴ ሲታይ ከኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ጋር ሳይያያዝ የቀረ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ብቻውን ሲወዛወዝ ወዲያው ይለያል፤ በሠንጠረዥ ቢፈለግ ግን ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ሶፍትዌሩ መፈናቀሉን አጉልቶ ስለሚስል ሚሊሜትሩን ሳያነቡ በመልኩ መፍረድ አይገባም። የመጀመሪያው የንዝረት ሞድ (ሕንፃው የሚወዛወዝበት መልክ) መጠምዘዝ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሊፍቱና ደረጃው ወደ አንድ ጎን ተገፍተዋል። ጠባብ ቦታ ላይ ሊፍቱን በጎረቤት ወሰን በኩል ማስጠጋት ይህን ያመጣል፤ መፍትሔውም በተቃራኒው ጎን ሸር ዎል (የአግድም ኃይልን የሚቋቋም የኮንክሪት ግድግዳ) መጨመር ነው።

በሞመንት ዲያግራም ላይ ፌሮው የሚገባው በሚሳበው ጎን ስለሆነ ስዕሉ በየትኛው ጎን እንደወጣ መረጋገጥ አለበት። በረጅም ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ቢም ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ አሉታዊው ሞመንት ጠፍቶ ከታየ፣ ሙሉው ክብደት በአንድ ጊዜ ተጭኖ ኮለኑ ከመጠን በላይ አጥሯል ማለት ነው። ፎቅ በፎቅ የግንባታ ቅደም ተከተልን የሚከተል ስሌት ያስተካክለዋል።

የስላብ የቀለም ካርታ በጣም ያሳምናል፤ በጣም ያሳስታልም። ኮለን መሀል ላይ የሚታየው ጫፍ ቁጥር ሜሹ (ስላቡ ለስሌት የተከፋፈለበት መረብ) በደቀቀ ቁጥር ሊያድግ ይችላል፤ ስለዚህ የሚወሰደው በኮለኑ ፊት ላይ ያለው፣ በስትሪፑ (ለዲዛይን በተከፋፈለው የስላብ ቁራጭ) ስፋት የተደመረው ሞመንት ነው። የሶፍትዌሩ አማካይ የማውጣት ምርጫ ሲዘጋ በአጎራባች ኤለመንቶች (የሜሹ ክፍሎች) መካከል ቀለሙ ቢዘል ሜሹ ሻካራ ነው።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግን የፎቅ ለፎቅ መፈናቀል ግራፍ (አንዱ ፎቅ ከታችኛው አንፃር በአግድም የሚሸሽበት ልክ) ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢትዮጵያ የርዕደ መሬት ዲዛይን ደረጃ፣ ኢኤስ ኢኤን 1998፣ አዲስ አበባ በዞን 3 ስትመደብ የመሬት ፍጥንጥነቱ 0.1 ጂ (የመሬት ስበት ፍጥንጥነት አንድ አስረኛ) ነው፤ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የአዋሽ ፈንታሌ ርዕደ መሬቶችም በከተማዋ ፎቆች ላይ ተሰምተዋል። ከፍሬሙ ጋር የተያያዘ የብሎኬት ግድግዳ ላለው ተራ ሕንፃ፣ መፈናቀሉ በ0.5 ተባዝቶ ከፎቁ ቁመት 0.005 መብለጥ የለበትም፤ ለ3.2 ሜትር ፎቅ 32 ሚሊሜትር ማለት ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው ግን በቢሄቪየር ፋክተር (ሕንፃው ሳይፈርስ የመለጠጥ አቅሙን የሚወክል ቁጥር) ተካፍሎ በተቀነሰ ኃይል የተገኘውን ነው። ፋክተሩ 3.9 ከሆነ ግራፉ 8.2 ሚሊሜትር (32 ለ3.9 ተካፍሎ) ላይ ሲደርስ ገደቡ አልቋል። 12 ሚሊሜትር አንብቦ «ገና ሰፊ ነው» ያለ ብሎኬቱን ለመሰንጠቅ ዳርጎታል። የኮንክሪቱ ግትርነት ለስንጥቅ በግማሽ ካልተቀነሰ ደግሞ ግራፉ የሚያሳየው ቁጥር ራሱ ከእውነቱ ያነሰ ነው። ግራፉ በድንገት የሚታጠፍበት ቦታም ትርጉም አለው፤ ከታች ረጅምና ግድግዳ አልባ የሱቅ ፎቅ ያለው ሕንፃ እዚያው ላይ ይሰበራል።

የስፔክትረም (የርዕደ መሬት ንዝረትን በየሞዱ የሚያሰላ ስሌት) ውጤት የመደመርና የመቀነስ ምልክት የለውም፤ ከብዙ ሞዶች ተጣምሮ ሁሉም አዎንታዊ ሆኖ ስለሚወጣ ዲያግራሙ ላይ የኃይል ሚዛን አይፈለግም። ሚዛን የሚመረመረው በክብደት ጭነት ነው፤ የድጋፍ ኃይሎች ድምር በእጅ ከተሰላው የሕንፃ ክብደት ጋር መግጠም አለበት።

ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርብ የስሌት ሪፖርት ላይ በእያንዳንዱ ምስል ሥር የጭነት ጥምሩ፣ አሃዱና የማጉያው ልክ ይጻፋል። በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ቀይና ሰማያዊ አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሚሆኑ፣ ከቀለሙ ጎን ቁጥሮቹ ራሳቸው መታተም አለባቸው።