ከተደፋ ጣሳ እስከ ጠርሙስ ሌብል፦ የቤት ጠመቃ መለያ በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ጠላ ቤት ለማግኘት ማንበብ መቻል ግድ አይደለም። ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ አንድ ደጃፍ ላይ ረዘም ያለ እንጨት ቆሟል። ጫፉ ላይ ጣሳ ወይም ኩባያ ተደፍቶበታል። ጠላ አለ ማለት ነው። ምልክቱ የባሕር ዳር ብቻ አይደለም፤ በብዙ የአገራችን ከተሞች ይታወቃል። ቤቱ ብዙ ጊዜ ታፔላ የለውም፤ የሚጠራው በጠማቂዋ ስም ነው። ምን እንደገባበት፣ መቼ እንደተጠመቀ ማወቅ የፈለገ ሰው እዚያው ይጠይቃል። ከእንግዳ በፊት ቀምሶ ማቅረብም የቆየ ወግ ነው።

ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ሌብል የሚያስፈልገው መጠጡ ከቤት ሲወጣ ነው። የሰርግ ጠጅ ለእንግዳ በጠርሙስ ይሰጣል። አረቄ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይላካል። ቤቱ ውስጥ ቢራ ወይም የፍራፍሬ መጠጥ የሚሞክር ወጣት ለጓደኞቹ ያድላል። ጠማቂዋ ግን አብራ አትሄድም፤ ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ሌብሉ ነው። በእኔ እይታ የዲዛይኑ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ሥዕሉ ይደርሳል።

መጀመሪያ የመጠጡ ዓይነት ይጻፍ። «ጠላ» ብቻ ማለት ብዙ አይነግርም። ጉሽ ነው ወይስ የተጣራ? የገብስ፣ የበቆሎ ወይስ የዳጉሳ? ጎጃም ዳጉሳ በደንብ የሚበቅልበት አገር ስለሆነ ጠላውም አረቄውም ከእሱ ይወጣል። አረቄ ከሆነ ደግሞ ተራ ነው ወይስ ዳግም? ዳግሙ ሁለተኛ የወጣ ስለሆነ በጣም ይከብዳል፤ ይህን ሳይነግሩ መስጠት ተገቢ አይደለም። ወደ ጎንደር ወገን የሚጠመቀው ኮረፌ ግን ትኩሱን የሚጠጣ ነውና ሌብል አያስፈልገውም።

ቀጥሎ የገባበት ነገር። ለቢራ ሆፕስ የተባለው መራራ ተክል የሚሠራውን ሥራ ለጠላና ለጠጅ ጌሾ ይሠራል። የባሕር ዳር ጠማቂ ደግሞ በጌሾ በኩል ዕድለኛ ነው። ከከተማው በጀልባ የሚደረስበት ዘጌ፣ ከቡናው ጋር ጌሾ የሚያበቅል ምድር ነው። «የዘጌ ጌሾ» ብሎ መጻፍ፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ ከየትኛውም ማስዋቢያ ቃል የተሻለ ይሸጣል። አፕል ሳይደር (ከአፕል ጭማቂ የሚጠመቅ መጠጥ) የሚሞክርም እንዲሁ ያድርግ። አፕሉ ከጨንቻ ከመጣ «የጨንቻ አፕል» ይበል፤ ጠርሙሱ ጣና ዳር ስለተሞላ ፍሬው የጣና አይሆንም።

ከሁሉ በላይ ግን ቀኑ ነው። ጉሽ ጠላ ከታሸገ በኋላም መፍላቱን አያቆምም። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ያስፈነጥራል፤ የመስታወት ጠርሙስ ሊፈነዳም ይችላል። የባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። ስለዚህ የተጠመቀበትና የታሸገበት ቀን በጉልህ ይጻፍ። ከሥሩ «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ ቀስ ተብሎ ይከፈት» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ቢሆን ጥሩ ነው።

የአልኮሉ መጠን ላይ ብዙ ሰው ይዋሻል። ጠላ እንደ አጠማመቁ ከ2 እስከ 6 በመቶ ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ጠጅ ከዚያ ከፍ ይላል። ትክክለኛውን ለማወቅ ከመፍላቱ በፊትና በኋላ በሃይድሮሜትር (በፈሳሽ እፍጋት መለኪያ) መለካት ያስፈልጋል። ሳይለኩ «5%» ብሎ ማሳመር ግን ፋብሪካ መምሰል ብቻ ነው። ይቅር።

ወደ ሥዕሉ ስንመጣ፣ ከፋብሪካዎቹ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ጊዮርጊስ ፈረሰኛው፣ ዋልያ ዋልያው፣ ዳሽን ተራራው ነው። አንድ ምስል፣ ከሩቅ የሚለይ። ጣና ዳር ግን ሁሉም ሰው ታንኳ ላይ ይሮጣል። ቲሸርቱም ታፔላውም ታንኳ ነው፤ ሌብሉ ሌላ ነገር ቢሞክር አይጠላም። የጌሾ ቅጠል ራሱ ቆንጆ ነው። የደሴቶቹ ገዳማት ሥዕሎችም ያጓጓሉ፤ ነገር ግን ቅዱሳንን አረቄ ጠርሙስ ላይ ማውጣት ብዙ ሰው ያስቀይማል። (ጊዮርጊስ ቢራስ? እሱን ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ለምደነዋል።) የብራና መጻሕፍቱ ሐረግ ግን ለዳር ማስጌጫ ያምራል፤ ማንንም አያስከፋም።

ፊደሉን ማሳነስ ሌላው ችግር ነው። የፊደሎቻችን ልዩነት ያለው ትንንሽ ቅጥያ ላይ ነው። በቀጭኑ አሳንሰው ካተሙት «ጁ» እና «ጂ» አይለዩም። ደፈር ያለ ፊደል ይመረጥ፤ ጽሑፉም ይቀነስ። የጠመቃውን ተራ ቁጥር በግእዝ አኃዝ፣ ፩ ፪ ፫ እያሉ መጻፍ ግን ቦታ አይፈጅም፤ ያምራልም።

ወረቀቱ እንግዲህ። የተለመደው 330 ሚሊ ሊትር የቢራ ጠርሙስ ዙሪያው 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከፊት ለፊት ሙሉው እንዲታይ ሌብሉ ከ8 ወይም 9 ሳንቲ ሜትር ባይሰፋ ይመረጣል። በኢንክጄት የታተመ ቀለም ጠርሙሱ ሲያልበው ይፈሳል፤ የሌዘር ኅትመት ይችለዋል። ለማጣበቂያ ደግሞ የቤት ጠማቂዎች በብዙ አገር ወተት ይጠቀማሉ። ከወረቀቱ ጀርባ ስስ አድርጎ ቀብቶ መለጠፍ ነው። ሲደርቅ ይይዛል፤ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሲነከር በቀላሉ ይለቃል፤ ጠርሙሱም ለሚቀጥለው ጊዜ ይተርፋል። በጾም ወቅት የሚያጉረመርም እንግዳ ካለ የዱቄት ሙጫም ይሆናል። በረዶ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ማተሚያ ቤት ሄዶ ውኃ የማያስገባ ስቲከር ማሠራት ይሻላል።

ለገበያ የሚታሸግ መጠጥ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፈቃድና የጥራት ቁጥጥር አለው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮል የሚሸጥለትን ሰው ዕድሜ ወደ 21 ዓመት ከፍ አድርጎታል፤ ማስታወቂያውንም አጥብቋል።

ሌብል ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈልገው ግን ማንም ሌብል የማያስብለት አረቄ ነው። በሃይላንድ ተሞልቶ ሲቀመጥ ከውኃ አይለይም። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደግሞ አደጋ ነው። ፕላስቲኩ ሸንተረር ስላለው ወረቀት በደንብ አይዘውም። የፋብሪካውን ሌብል ልጦ፣ በማይለቅ ማርከር «አረቄ» ብሎ በትልቁ መጻፍና ክዳኑ ላይ ቀይ ክር ማሰር ይበቃል።