ከአሕመዳባድ እስከ ፓታን፦ የሰሜን ጉጃራት የድንጋይና የሐር ቅርስ

ፓታን በምዕራብ ህንድ፣ በጉጃራት ግዛት ሰሜናዊ ክፍል ከአሕመዳባድ 125 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ተጎብኝቶ የሚያልቅ ሲሆን፣ መስጊድ፣ የፀሐይ ቤተ መቅደስ፣ ባለ ደረጃ የውኃ ጉድጓድና ፓቶላ የተባለው የሐር ጨርቅ ይገኙበታል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሕመዳባድን በ1411 የቆረቆራት ሱልጣን አሕመድ ሻህ ነው። ከመስጊዶቿ መካከል ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳያየው ማለፍ የሌለበት በ1573 አካባቢ የተሠራው የሲዲ ሰይድ መስጊድ ነው። ሲዲ ሰይድ የጉጃራት ሱልጣኖችን ያገለገለ ሐበሻ ነበር። በየመን በኩል እንደመጣ የሚተርኩ አሉ፤ «ሲዲ» ግን በዚያ አገር ከአፍሪካ ለሄዱ ሰዎች የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ «ሐብሺ»ም ይሏቸው ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ በባርነት ተወስደው በኋላ የጦር አዛዥ እስከመሆን ደርሰዋል። መስጊዱ በስፋቱ ከሌሎቹ ያንሳል፤ ዝናው ያለው በመስኮቶቹ ነው። ድንጋዩ ተፈልፍሎ ግንድና ቅርንጫፍ፣ ቅጠልና ዘንባባ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈዋል፤ ከውስጥ ሆነው ብርሃን ሲገባባቸው ቢያዩአቸው የዳንቴል ሥራ ይመስላሉ። የመካከለኛው ቅስት ግን በጥርብ ድንጋይ ተደፍኗል። የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ አክበር ጉጃራትን የያዘው በዚያው ሰሞን ስለሆነ፣ ሥራው ሳይጠናቀቅ ቀርቷል የሚለው ግምት ሚዛን ይደፋል።

ከአሕመዳባድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሞዴራ የፀሐይ ቤተ መቅደስ ይገኛል። የተሠራው ፓታንን ዋና ከተማው አድርጎ ጉጃራትን ይገዛ በነበረው በሶላንኪ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ በቀዳማዊ ቢማ ዘመን ነው። ፊት ለፊቱ በደረጃ የሚወረድበት ሰፊ የውኃ ገንዳ አለ፤ በደረጃዎቹ ላይ ትንንሽ መቅደሶች ተደርድረዋል። በአንዱ ግድግዳ ላይ ከ1026 እስከ 1027 ያለውን ዓመት የሚያመለክት ጽሑፍ ተገልብጦ ይታያል። አንዳንዶች የግንባታው ዓመት ነው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ መገልበጡን አይተው ቤተ መቅደሱ ፈርሶ እንደገና መሠራቱን ያስረዳል ይላሉ። ዛሬ አምልኮ አይፈጸምበትም።

በፓታን ያለው ራኒ ኪ ቫቭ፣ ማለትም «የንግሥቲቱ ጉድጓድ»፣ ንግሥት ኡዳያማቲ ለባሏ ለዚሁ ለቢማ መታሰቢያ ያሠራችው ነው። ላሊበላን የሚያውቅ ሰው ወደ ታች የሚወርድ ሕንጻ አያስደንቀው ይሆናል፤ ይህኛው ግን ከአለት የተፈለፈለ ሳይሆን አፈሩ ተቆፍሮ በድንጋይ የተገነባ ነው። 64 ሜትር ይረዝማል፣ 27 ሜትር ይጠልቃል፣ ሰባት እርከን አለው። ከ500 በላይ ዋና ዋና ቅርጾች አሉበት፤ አብዛኞቹ የሂንዱው አምላክ የቪሽኑ ናቸው። የሳራስዋቲ ወንዝ ጎርፍ በደለል ሞልቶት ለዘመናት ተቀብሮ ኖሯል፤ ቅርጾቹ ሳይበላሹ የቆዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዩኔስኮ በ2014 መዝግቦታል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የ100 ሩፒ ኖት ጀርባ ላይ ታትሟል።

ከሶላንኪዎች በኋላ የነበሩት ዘመናት ለፓታን ብዙም አልበጁም፤ አሕመዳባድ ስትቆረቆር የዋና ከተማነቱ ማዕረግም ወደዚያ ሄደ።

ፓቶላ ግን እዚያው ፓታን ቀረ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ንጉሥ ኩማራፓላ በ12ኛው ክፍለ ዘመን 700 የሳልቪ ሸማኔ ቤተሰቦችን ወደ ከተማው አምጥቶ አስፍሯል። የእኛ ሸማኔ ጥለቱን የሚያወጣው እየሸመነ ነው፤ የፓቶላ ሸማኔ ግን ሽመናው ከመጀመሩ በፊት ድሩንም ማጉንም በልኩ እየቋጠረ፣ እየነከረ፣ እየፈታ ቀለሙን ክሩ ላይ ይጨርሳል። ለማቅለሚያ እርድ፣ ኢንዲጎና የሮማን ልጣጭ ይገባል። ከዚያ በአንድ ጎኑ ዘንበል ባለ መሸመኛ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይሠራል። ማጉ በተወረወረ ቁጥር ቀዩ በቀዩ ላይ ማረፉ ይታያል፤ ጥቂት እንደተሠራ ሸማኔው ቆም ይልና ዝንፍ ያሉትን ክሮች በመርፌ እየሳበ ያስተካክላል። በቀን የሚሸመነው ቢበዛ አንድ ስንዝር ገደማ ነው። አንድ ሳሪ፣ ማለትም የህንድ ሴቶች የሚጠመጠሙት ረጅም ልብስ፣ ከአራት እስከ ስድስት ወር፣ ጥለቱ ከባድ ከሆነም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በጨርቁ ላይ ሴት፣ ዝሆን፣ በቀቀንና የቅጠል ቅርጽ ይታያል፤ ፊትና ጀርባ የለውም። ጉጃራቶች «ፓቶላ ይቀደዳል እንጂ አይለቅም» ይላሉ። ድሮ ወደ ኢንዶኔዥያ በብዛት ይላክ ነበር፤ በዚያም ለክብረ በዓል ብቻ የሚወጣ የቤተሰብ ቅርስ ነበር።

ዛሬ ሙያው በጥቂት የሳልቪ ቤተሰቦች እጅ ነው። በ2014 በተከፈተው የፓቶላ ሙዚየም ሸማኔዎቹን ሥራ ላይ ማየት ይቻላል፤ ሳሪውን የሚፈልግ ሰው ግን ትእዛዝ ሰጥቶ ተራውን ይጠብቃል።