የእንስሳት ንቅለ ተከላ ምርምር ረዳት ማለት ምንድን ነው?

ሐሚልተን ናኪ ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ሲቀጠር አትክልተኛ ነበር። ግቢውን ይንከባከባል፣ የቴኒስ ሜዳውን ያስተካክላል። በ1954 ሮበርት ጎትዝ የተባለ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ቀጭኔ ላይ ጥናት ጀመረ። ቀጭኔ ያን ሁሉ አንገት ዝቅ አድርጋ ውሃ ስትጠጣ ለምን ራሷን አትስትም የሚል ጥናት ነው። እንስሳዋን የሚይዝ ጉልበተኛ ሰው ሲፈለግ ናኪ ተጠራ። ላብራቶሪውን የተወው በ1991 ጡረታ ሲወጣ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ላይ የእንስሳቱን ማደሪያ ያጸዳ፣ ይመዝን፣ ጠጉር ይላጭ ነበር። ቀጥሎ መርፌ መውጋትና ማደንዘዣ መስጠት ለመደ። ከዚያ ስፌት። በኋላ የውሻና የአሳማ አካል አውጥቶ ሌላው ላይ የሚተክል፣ ለወጣት ቀዶ ሐኪሞችም እያሳየ የሚያስተምር ሰው ወጣው። ትምህርቱ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ዘመኑ አፓርታይድ ነው፣ እሱ ጥቁር ነው፤ ስለዚህ ጡረታው የአትክልተኛ ጡረታ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው የክብር ዲግሪ የሰጠው በ2003 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈ።

በነገራችን ላይ፣ ናኪ ክርስቲያን ባርናርድ በ1967 ባደረገው የመጀመሪያው የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ላይ ተካፍሏል የሚል ወሬ አለ። ሲሞት ትልልቅ ጋዜጦች ሳይቀሩ ጽፈውት፣ ኋላ ስህተት መሆኑን አምነው አርመዋል። እዚያ አልነበረም። ለእኔ ግን ወሬው ትርፍ ነው። በእውነት የሠራው ይበቃዋል፤ ሰዎች ያላወቁት ሥራው ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ይመስለኛል።

ሥራው ምንድን ነው ታዲያ? የአንዱን እንስሳ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት ወይም ሳንባ ወደ ሌላ እንስሳ በሚያዛውር ጥናት ውስጥ እንስሳውን ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም የሚከታተል፣ ናሙና የሚወስድ፣ የሚመዘግብ ሰው አለ። ሪሰርች አሲስታንት የሚሉት እሱን ነው። ጥናቱ ከአይጥ ወደ አይጥ ወይም ከአሳማ ወደ አሳማ ሊሆን ይችላል። ዝርያ ተሻግሮ፣ ለምሳሌ ከአሳማ ወደ ዝንጀሮ ሲሆን ደግሞ ዜኖትራንስፕላንቴሽን ይባላል። ዛሬ ብዙ ወሬ ያለው እዚህኛው ላይ ስለሆነ እኔም ከዚሁ ጋር ልቆይ።

ዓላማው ግልጽ ነው። አካል የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፤ የሚገኘው አካል ጥቂት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ100,000 በላይ ሰው ተመዝግቦ ይጠብቃል። እኛ አገር የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ቢጀመርም ኩላሊቱን የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ዘመድ የሌለው ወይም ያልገጠመለት ዲያሊሲሱን፣ ማለትም ደሙን በመሣሪያ ማጣራቱን፣ ይቀጥላል፣ አቅሙ ከፈቀደ።

አሳማ የተመረጠው በብዛት ስለሚወልድ፣ ቶሎ ስለሚያድግና የልቡም የኩላሊቱም መጠን ከሰው ጋር ስለሚቀራረብ ነው። አሳማ ከማይበላ ሕዝብ መካከል ያደግን ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ፊታችን ይጨማደዳል። ግን ከአሳማ የሚሠራ የልብ ቫልቭ ለሰው መገጠም ከጀመረ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል።

ዝንጀሮስ ለምን? እዚህ ላይ ትንሽ ባዮሎጂ ያስፈልጋል። የአሳማ ሴሎች ላይ አልፋ ጋል የሚባል የስኳር ዓይነት አለ። እኛ የለንም። ስለሌለንም ሰውነታችን እንደ ጠላት ያየዋል፤ በደማችን ውስጥ እሱን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጂኑ ያልተነካ የአሳማ ልብ ወደዚህ ደም ሲገባ በደቂቃ ወይም በሰዓት ውስጥ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ይቆማል። ዝንጀሮም እንደኛው አልፋ ጋል የለውም፣ አንቲቦዲው አለው። የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ግን ስኳሩ ስላላቸው ለዚህ ጥናት አይሆኑም። ይህን ስኳር የሚሠራው ጂን የተዘጋባቸው አሳማዎች የተወለዱት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። የዛሬዎቹ አሳማዎች ላይ ደግሞ ብዙ ጂኖች ይለወጣሉ።

ዝንጀሮው ለእኛ ባዳ አይደለም። ለዚህ ምርምር በብዛት የሚውለው አኑቢስ የሚባለው ዝርያ ነው፤ አዋሽ ፓርክ ያለፈ ሰው ያየዋል። ላብ ውስጥ ያሉት ግን እዚያው በውጭ አገር ማዕከላት ተዋልደው ያደጉ ናቸው።

ወደ ረዳቱ እንመለስ። ቀዶ ሕክምናው ጥቂት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ሳምንታት፣ ከዚያ በኋላ ወራት አሉ።

በፊት ያሉት ሳምንታት ማላመጃ ናቸው። ዝንጀሮው ሰዎቹንም ክፍሉንም መልመድ አለበት። ፍራፍሬ እየተሰጠው፣ ቀስ በቀስ፣ ሳይታገል ክንዱን ማውጣት እንዲለምድ ይሠለጥናል። ደሙ ተወስዶ የአሳማን ሴል የሚያጠቃው አንቲቦዲ ይለካል፤ ብዙ ያለው አይመረጥም። ክብደቱ፣ የሚበላው፣ የተለመደ ባህሪው ይጻፋል። ጤነኛ ሳለ ምን እንደሚመስል ያልተጻፈለት እንስሳ ሲታመም መታመሙን ማወቅ ይከብዳል።

በቀዶ ሕክምናው ቀን አንዱ ቡድን አሳማው ጋ፣ ሌላው ዝንጀሮው ጋ ነው። ረዳቱ ዕቃ ያቀብላል፣ ናሙና ይቀበላል፣ ሰዓት ይይዛል። ወደሚተከለው አካል የሚሄደው ደም የተቋረጠው ስንት ሰዓት ላይ ነው? የተለቀቀው ስንት ላይ? ስድስት ወር ቆይቶ ልቡ ለምን ደከመ ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም የሚያየው ይህንን ወረቀት ነው።

ከዚያ ሌሊቱ ይመጣል። ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የሽንት መጠን፣ የሕመም ማስታገሻ። ዝንጀሮ እጅ አለው፤ የተሰካበትን ሁሉ መንቀል ይችላል። ስለዚህ በብዙ ላቦች ጃኬት ይለብሳል። ቱቦው በጃኬቱ ሥር አልፎ ከክፍሉ ውጭ ይወጣል። መድኃኒት የሚገባውም ደም የሚወሰደውም በዚያ ነው፣ እንስሳው በየጊዜው ሳይያዝና ሳይደነዘዝ።

ደም መውሰድም ዝም ብሎ አይደለም። ትንሽ እንስሳ ትንሽ ደም ነው ያለው፤ በክብደቱ ልክ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚፈቀድ ይሰላል። ኩላሊት የተተከለለት ከሆነ ክሪያቲኒን፣ ልብ ከሆነ ትሮፖኒን ይታያል፤ ሁለቱም አካሉ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምሩ ነገሮች ናቸው። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌት የሚባሉት ሴሎች ቁጥር ሲወርድ ደሙ በተተከለው አካል ውስጥ እየረጋ ሊሆን ስለሚችል ሁሉም ይሯሯጣል። ደሙ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል፣ ፕላዝማው (ፈሳሹ ክፍል) ይለያል፣ በብልቃጥ ይሆንና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ የእንስሳው ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ይለጠፋል። ቀላል ይመስላል። ሁለት ብልቃጥ ምልክታቸው ቢለዋወጥ ግን ማንም ላያውቅ ይችላል፣ ጽሑፉም ታትሞ ይወጣል። ለዚህ ነው በዚህ ሥራ ከብልህ ሰው ይልቅ የማይሰለች ሰው ይሻላል የምለው።

መሣሪያ የማይለካውም አለ። ዝንጀሮው ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረ፣ ሙዝ ተቀብሎ ሳይልጠው አስቀመጠው፣ ጠጉሩን ማበጠር ተወ። ይህን የሚያየው በየቀኑ እዚያ የሚውል ሰው ነው። ፕሮፌሰሩ አይደለም።

ይህ ክትትል ምን እንዳስገኘ ለማየት ሦስት ጉዳዮች ላንሳ። በ2016 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ላይ የሠራው ቡድን አንድ የአሳማ ልብ ዝንጀሮ ውስጥ 945 ቀን መቆየቱን አሳተመ። ተቋሙ ያለው ቤተዝዳ ነው፤ አበሻ ከሞላበት ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት። ልቡ የተተከለው ሆድ ውስጥ ነበር። የዝንጀሮው የራሱ ልብ ሥራውን እየሠራ፣ የአሳማው ልብ ደም እያገኘ ጎን ለጎን ይመታ ነበር። ዋናው ጥያቄ ሰውነት ይገፋዋል ወይስ ይቀበለዋል የሚል ስለነበር ይህ በቂ ነው። ሰውነት ባዳውን አካል እንዳይገፋ የሚሰጠው መድኃኒት መጠን ሲቀነስ ልቦቹ መገፋት ጀመሩ።

ሁለተኛው የጀርመኖቹ ነው፣ ሙኒክ። እነሱ የዝንጀሮውን ልብ አውጥተው በምትኩ የአሳማውን አስገቡ። የመጀመሪያዎቹ እንስሳት ቶሎ ሞቱ። ልቡ በተለመደው መንገድ ቀዝቅዞ ሲጓጓዝ ይጎዳል ብለው ጠረጠሩና 8 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ንጥረ ነገር ባለው ፈሳሽ ሳያቋርጡ ማጠብ ጀመሩ። ያ ተሻለ። ቀጥሎ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ልቡ ማደጉን አላቆም አለ። አሳማ ትልቅ እንስሳ ነው፣ ልቡም ለትልቅ ሰውነት የተዘጋጀ ነው። ደረት ጠበበው፣ ጉበትም ተጎዳ። የደም ግፊቱን ዝቅ አድርገው፣ ኮርቲሶን የሚባለውን መድኃኒት ቶሎ አቁመው፣ እድገት የሚገታ መድኃኒት ጨመሩ። በ2018 ሲያሳትሙ ረጅሙ ዕድሜ 195 ቀን ደርሶ ነበር። ልቡ ማደጉን ያሳየው በየጊዜው የተነሳ አልትራሳውንድና የተመዘገበ የጉበት ምርመራ ነው።

ሦስተኛው ሰው ጋ ያደርሰናል። በጥር 2022 ባልቲሞር፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዴቪድ ቤኔት ለተባለ ሰው ጂኑ የተለወጠ የአሳማ ልብ ተተከለለት። ሁለት ወር ኖሮ ሞተ። በኋላ የአሳማ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ በልቡ ተገኘ። አሳማው ግን ቀድሞ በአፍንጫ ናሙና ተመርምሮ ነጻ ነው ተብሎ ነበር፤ ቫይረሱ ተደብቆ የሚኖር ዓይነት ነው። የሚያናድደው ነገር፣ ከዚያ በፊት ዝንጀሮዎች ላይ በተደረገው ጥናት ይህ ቫይረስ ያለባቸው ልቦች ዕድሜያቸው እጅግ አጭር መሆኑ ታትሞ ነበር። እንስሳቱ የነገሩን ነገር ነበር ማለት ነው።

ለሠራተኛውም አደጋ አለው። ማካክ የሚባሉት ጦጣዎች ለእነሱ ብዙም የማይከብድ፣ ለሰው ግን ገዳይ የሆነ ሄርፒስ ቢ የሚባል ቫይረስ ይይዛሉ። በ1997 አትላንታ ውስጥ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ከማካክ የወጣ ፈሳሽ ዓይኗ ውስጥ ተረጭቶ ሞታለች። መነጽርና ጭምብል ግዴታ የሆነው በዋዛ አይደለም። በሌላ በኩል እኛም እነሱን እንበክላለን፤ ከሁሉ የሚፈራው ቲቢ ነው። ሠራተኛው በየጊዜው የቲቢ ምርመራ ይደረግለታል። ኢትዮጵያ ተወልዶ የቢሲጂ ክትባት የወሰደ ሰው በቆዳ ምርመራው ቲቢ ሳይኖርበት ሊያብጥ ይችላል። ክትባቱን አስቀድሞ ተናግሮ የደም ምርመራውን መጠየቅ ነው፣ ያኛውን ቢሲጂ አያሳስተውም።

አሁን ወደሚከብደው። እንስሳቱ አብዛኛውን ጊዜ በጥናቱ መጨረሻ ይገደላሉ። ሙኒክ ላይ ጤነኛ ሆነው 90 ቀን የደረሱ ዝንጀሮዎች ዕቅዱ ስለሚል ብቻ የተገደሉ ነበሩ። ሙዝ ያበላው እጅ አንዳንዴ የመጨረሻውን መርፌ ያዘጋጃል፣ ከዚያም አካሉ ተከፍቶ ሲመረመር ናሙና ይይዛል። ይህ ልብ ይሰብራል፤ ልቡ የማይሰበር ሰው ካለ ያሰጋኛል። ለእንስሳቱ የሚቆም ሕግ አለ። አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም ዝንጀሮ ላይ የሚደረግ ጥናት በተቋሙ የእንስሳት እንክብካቤ ኮሚቴ ሳይፈቀድ አይጀመርም። መመሪያው ከ1959 ጀምሮ የሚታወቀው ነው፦ በሌላ መንገድ ከተቻለ እንስሳ አትጠቀም፣ ቁጥራቸውን ቀንስ፣ ስቃያቸውን አቅልል። ይህ ሁሉ ተሟልቶም «ዝንጀሮ አልነካም» የሚል ሰው አለ። አቋሙን አከብራለሁ። እኔ ግን ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው አጠገብ ከተቀመጥኩ በኋላ እንደዚያ ብዬ መናገር አልችልም።

ለመቀጠር የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ በባዮሎጂ ወይም በእንስሳት ሕክምና ዲግሪ ነው፤ ሌላውን እዚያው ያሠለጥናሉ። የምታመለክቱ ካላችሁ ቃለ መጠይቁ ላይ እናንተም ጠይቁ። የሌሊት ተራው ለስንት ሰው ነው የሚከፋፈለው? እንስሳው ሲሰቃይ ጥናቱን የማቆም ሥልጣን ያለው የእንስሳት ሐኪሙ ነው ወይስ ተመራማሪው? ረዳቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቢደውል ስልክ የሚያነሳው ማነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ሲሰሙ እርስ በርስ ከተያዩ ሌላ ላብ ፈልጉ።