«ሄልሜት ለውድድር ሳይክል ነጂ ነው» እና ሌሎች የሳይክል ወሬዎች

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ተማሪው በሳይክል፣ መምህሩ በሳይክል፣ ከገበያ የሚመለሰውም በሳይክል ነው። ለዚህ ይመስለኛል ስለ መከላከያ ዕቃ ሲነሳ «ከልጅነቴ ጀምሮ ስነዳ ምን ሆንኩ?» የሚባለው። እኔም እል ነበር።

«ሄልሜት ለሳይክል ተወዳዳሪ ነው፤ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»
ጭንቅላት የሚጎዳው በፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ከፍታውም አለ። ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱ ከአስፋልቱ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ይላል። ቆሞ እያለ ሚዛን ስቶ ቢወድቅ እንኳ የመንገዱ ጠርዝ አይምረውም። ኢኤን 1078 የሚባለው የአውሮፓ የሳይክል ሄልሜት መለኪያም ሄልሜቱን የሚፈትነው ከዚሁ ከፍታ አካባቢ በመጣል ነው። እንዲህ ላለው አወዳደቅ ነው የተሠራው። ከአይሱዙ ጋር ለሚደረግ ግጭት ግን ብዙ አትመኑበት። አደራረጉ ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ግንባርን ሸፍኖ ነው፤ ወደ ኋላ ተገፍቶ እንደ ቆብ የተደፋ ሄልሜት ለፎቶ ብቻ ያምራል።

«ወድቄበታለሁ፣ ግን አልተሰነጠቀም።»
ውስጡ ያለው ፎም አዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ እንደሚገኘው ነጭ ፎም ያለ ነው። ምቱን የሚውጠው ራሱ ተጨፍልቆ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ የውጪው ፕላስቲክ ግን ደህና መስሎ ይቀመጣል። ያገለገለ ሄልሜት ስትገዙ ይህን አስቡ።

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል።»
በዚህ ፍርሃት የፊቱን ፈትተው በኋላው ብቻ የሚነዱ አውቃለሁ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀልና መንሸራተት ይጀምራል። ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የሚገለብጠው ድንገት ጭምቅ ሲያደርጉት ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ቀስ በቀስ እያጠበቁ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ መያዝ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በ1 ሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ይጨርሳል። ክረምት ላይ ደግሞ የፍሬኑ ላስቲክ መጀመሪያ የሚጠርገው ቸርኬው ላይ ያለውን ውሃ ነው፤ ስለዚህ ቀደም ብሎ ነካ ነካ ማድረግ ነው። ብር ቢያጥርህ መጀመሪያ ምን ትገዛለህ ብትሉኝ ከሄልሜቱ በፊት ያለቀውን የፍሬን ላስቲክ እቀይራለሁ። የሚከራከረኝ አይጠፋም።

«ደወል የልጅ መጫወቻ ነው።»
ሙዚቃ ከፍቶ ለሚሄድ ባጃጅ አይሰማም፣ እውነት ነው። ለእግረኛው ግን ይሰማል።

«ነጭ ጋቢ ለብሻለሁ፣ እታያለሁ።»
ይቺ የኔ ነበረች። አንድ ቀን ከመሸንቲ ስመለስ መሸብኝ። እኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጨለማ ነው። ከኋላዬ የመጣ አይሱዙ ጡሩንባውን ሲለቀው ወደ ዳር ሸሸሁ፤ የጋቢዬ ጫፍ የኋላ ጎማ ውስጥ ገባና ጠለፈኝ። ደግነቱ ሣር ላይ ነው የወደቅሁት። ሾፌሩ ወርዶ «ወንድሜ፣ መንገድ ዳር የወደቀ ማዳበሪያ መስለኸኝ ነበር» አለኝ።

ነጭ ጨርቅ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። አንጸባራቂ ግን ወደ መጣበት፣ ወደ ሾፌሩ ይመልሰዋል፤ ከሩቅ የሚበራው ለዚህ ነው። ደማቁ ቢጫ ሰደርያ ራሱ ለቀን ነው፤ ማታ የሚሠራው ላዩ ላይ ያለው ብርማ ጭረት ነው። ፔዳል ላይ ያሉት ትንንሽ አንጸባራቂዎች ደግሞ ላይ ታች ሲሉ ሾፌሩ ሳይክል መሆኑን ይለያል። ሲወልቁ ዝም አትበሉ። ሁሉም ግን መብራት ካላረፈበት አይሠራም፤ መብራቱ የተበላሸ ባጃጅ ቢመጣ ምንም አይጠቅማችሁም። ስለዚህ ሳይክሉ የራሱ መብራት ያስፈልገዋል፦ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ።

ጋቢዬን እናቴ ሦስቴ አጠበችው። የካቴናው ቅባት እስካሁን ጫፉ ላይ አለ።