በባሕር ዳር ሰነድ ማጻፍና ማረጋገጥ

በባሕር ዳር ቤት የሚሸጥ፣ ባጃጅ የሚገዛ ወይም ለወንድሙ ውክልና የሚሰጥ ሰው ጉዳዩን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በፍርድ ቤቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አካባቢ ከሚገኙት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ነው። እነዚህ ቤቶች ባለጉዳይ ያለ ቀጠሮ ገብቶ ውል፣ ውክልና፣ ማመልከቻ ወይም የክስ ጽሑፍ የሚያስጽፍባቸውና ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣባቸው ናቸው፤ ለሰነዱ ሙሉ እምነት የሚያስገኘው ማኅተም ግን ከእነርሱ አይገኝም። ማረጋገጥና መመዝገብ የመንግሥት ሥራ ሲሆን፣ በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 922/2008 ይመራል፤ በአማራ ክልል ደግሞ አገልግሎቱን የሚሰጡት የፍትሕ ተቋማት ናቸው። ብዙ ሰው ቦታውን «ውልና ማስረጃ» ብሎ ይጠራዋል።

ሙያው ከኮምፒውተር በፊትም የነበረ ነው። በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ የባለጉዳዩን ቃል እየሰማ በእጁ፣ ኋላም በጽሕፈት መኪና ያሰፍር ነበር። ዛሬ ጸሐፊው ቀድሞ ያዘጋጀውን ቅጽ ከኮምፒውተሩ ከፍቶ የሻጭንና የገዥን ስም፣ አድራሻና የገንዘቡን ልክ በፊደልና በአኃዝ ይሞላል፤ ንብረቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን፣ ውል ያፈረሰ ወገን የሚከፍለውን ገደብ (መቀጫ)፣ በመጨረሻም ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና መሆኑን የሚገልጹት ዐረፍተ ነገሮች ከአንዱ ውል ወደ ሌላው ሳይለወጡ ይሻገራሉ። ይህ አሠራር ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የቀድሞው ባለጉዳይ የሰሌዳ ወይም የካርታ ቁጥር ሳይነሣ በአዲሱ ውል ላይ ሊቀር ይችላል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድም ተቀባይነት ስለሚያጣ ስሕተቱ መታየት ያለበት ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት፣ እዚያው ስክሪኑ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው ውክልና ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለተወካዩ የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚፈቅድለት ይደነግጋል፤ በዚህ ሥልጣን ኪራይ መሰብሰብና ንብረት መጠበቅ ይቻላል። ቤት መሸጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ በስጦታ መስጠት፣ መታረቅና በፍርድ ቤት መከራከር ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን ይጠይቃሉ። ስለዚህ «በስሜ ያለውን ንብረት ሁሉ እንዲያስተዳድር ወክዬዋለሁ» የሚል ወረቀት ይዞ ቤት ለመሸጥ የሚመጣ ተወካይ እንዲመለስ ይደረጋል፤ ወካዩ ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ሰነዱ በኤምባሲ በኩል እንደገና ተዘጋጅቶ እስኪመጣ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ጥሩ ጸሐፊ «መሸጥም ትፈቅድለታለህ? ብሩንስ ማን ይቀበላል?» ብሎ ሳይጠይቅ መጻፍ አይጀምርም። በእኔ ግምት ባለጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሲመርጥ ሊያየው የሚገባው ይህን ነው እንጂ የዋጋውን ርካሽነት አይደለም። በሌላ በኩል ሁሉን ሥልጣን ደርድሮ መስጠት ራሱን የቻለ አደጋ አለው፤ ለአንድ ባጃጅ ሽያጭ ብቻ የተወከለ ሰው ቤት የመሸጥ ሥልጣን የሚያገኝበት ምክንያት የለም።

ተዋዋዮቹ ሰነዱን ይዘው ወደ አረጋጋጩ ሲቀርቡ የታደሰ መታወቂያ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ወይም የተሽከርካሪ ሊብሬ፣ እንደ ሁኔታውም የጋብቻ ወይም ያላገባ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃሉ። የጋራ ቤት ያለ ሌላው ተጋቢ ስምምነት ሊሸጥ ስለማይገባ፣ ባል ብቻውን መጥቶ የሚሸጠው ቤት በኋላ የሙግት ምንጭ ይሆናል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ፣ ማለትም ውል ለማረጋገጥ ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ እንዳለበት የሚያዘው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ነው። ቁጥር 1728 ደግሞ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያደረገው የጣት አሻራ የሚያስገድደው በአዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ከተረጋገጠ ብቻ ነው ይላል። ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንዲት እናት አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ከመጫናቸው በፊት የሰነዱ ይዘት በሚገባቸው ቋንቋ ተነቦ ሊሰሙ የሚገባው ለዚህ ነው። በሰልፉ መርዘም ምክንያት ይህን ንባብ ማሳጠር ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

በጣና ዳርቻ ያለ የእርሻ መሬት በዚህ መንገድ አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመሬት ሽያጭን ይከለክላል። የገጠር መሬት ኪራይ የሚመዘገበውም በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው።

ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ ማኅተም አርፎበት አንድ ቅጂ በመዝገብ ቤት ይቀራል፤ ዋናው የጠፋበት ሰው ከዚያ ግልባጭ መጠየቅ ይችላል። ውክልናን መሻርም እንደ መስጠቱ በጽሑፍ ይፈጸማል። ወካዩ ሥልጣኑን በፈለገ ጊዜ ማንሣት ቢችልም፣ የቀድሞው ወረቀት በተወካዩ እጅ እስካለ ድረስ ሽረቱን ያላወቀ ሰው ሊዋዋልበት ስለሚችል፣ ዋናውን ሰነድ ማስመለስና ባንኩን ወይም ካርታውን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ማሳወቅ ያስፈልጋል።