ድምፅ አልባ ፊልም ለጀማሪ፦ ከየት ይጀመር?

ድምፅ አልባ ፊልም የሚባሉት ንግግር ያልተቀዳባቸው የድሮ ፊልሞች ናቸው። ዘመናቸው ረጅም አይደለም። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ በአንድ ካፌ ገንዘብ አስከፍለው ፊልም ያሳዩት ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ንግግርና ዘፈን ያለበት «ዘ ጃዝ ሲንገር» ደግሞ ኦክቶበር 1927 ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይቆይ ሆሊውድ ድምፅ አልባውን እርግፍ አድርጎ ተወው። በመሃል ያለው ሠላሳ ምናምን ዓመት ነው። በነዚያ ዓመታት ሲኒማ ከአንድ ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ምስል ተነሥቶ ሰው የሚያስለቅስ ጥበብ ሆነ።

ብዙ ሰው አንዱን ሞክሮ ትቶታል። ዩቲዩብ ላይ ይከፍታል። ሰዎቹ እንደ ፌንጣ ይዘላሉ። ፊታቸው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ከኋላ ከታሪኩ ጋር የማይገናኝ ፒያኖ ይንጫጫል። አምስት ደቂቃ አይቶ «ይሄ የኔ ነገር አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። አልፈርድበትም። እኔም መጀመሪያ ያየሁት እንደዚያ ያለ ኮፒ ነበር፤ ለዓመታት ዞር ብዬ አላየሁትም። ጥፋቱ የፊልሙ ሳይሆን የኮፒው እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የያኔው ካሜራ በእጅ የሚዞር ነበር። ካሜራማኑ እጀታውን እያዞረ በሰከንድ 16፣ 18 ወይም 20 ምስል ያነሣል። ድምፅ ሲመጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 24 ላይ ጸና። በ18 የተነሣውን በ24 ስታሳዩት ሰው ሁሉ ይጣደፋል። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እንኳ አውቶቡስ ያመለጠው ይመስላል። የምስሉ መደብዘዝ ደግሞ ኮፒ ከኮፒ ሲገለበጥ የመጣ ነው። የዚያን ጊዜ ተመልካች ያየው ጥርት ያለ ምስል ነበር። ሁልጊዜ ጥቁርና ነጭ ብቻም አልነበረም፤ ሌሊቱን ሰማያዊ፣ እሳቱን ቀይ ቀለም ይነክሩት ነበር። ስለዚህ ፊልሙን ከመምረጥ እኩል ኮፒውን መምረጥ ያስፈልጋል። እድሳት የተደረገለት፣ ፍጥነቱ የተስተካከለና ሙዚቃው ለፊልሙ ተብሎ የተሠራለት ይሁን።

ሙዚቃው ቀላል ነገር አይደለም። እነዚህ ፊልሞች ጸጥ ባለ አዳራሽ አይታዩም ነበር። በትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ሙሉ ኦርኬስትራ ይቀመጣል። በትንንሾቹ ቢያንስ አንድ ፒያኖ ተጫዋች አይጠፋም። ጃፓን ውስጥ ደግሞ «ቤንሺ» የሚባሉ ተራኪዎች ነበሩ። ከስክሪኑ አጠገብ ሆነው ታሪኩን ይተርካሉ፤ የወንዱንም የሴቷንም ድምፅ ያወጣሉ። ዝነኛ ቤንሺ ከሆነ ሰው ፊልሙን ሳይሆን እሱን ብሎ ይሄዳል። የታላቁ ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ታላቅ ወንድም ቤንሺ ነበር።

አዲስ አበባም ይህን ዘመን ታውቀዋለች። ከመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱ በሕዝቡ አፍ ስሙ «ሰይጣን ቤት» ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ የሰው ጥላ ሲራመድ ላየ ሰው ስሙ የሚገባ ነው።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? የኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከአሜሪካዊው ኮሜዲያን ከበስተር ኪተን። በተለይ ከ«ሸርሎክ ጁኒየር»። የወጣው በ1924 ነው፤ ርዝመቱ 45 ደቂቃ ገደማ ነው። አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ክፍል እንደማየት ነው። ኪተን የሲኒማ ቤት ማሽን አንቀሳቃሽ ሆኖ ይሠራል። ሥራው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። በሕልሙ ከማሽኑ ክፍል ይወርዳል፣ በተመልካቹ መሃል ያልፋል፣ ስክሪኑ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ፊልሙ ከሥሩ መቀያየር ይጀምራል። ቁጭ ሊል ሲል ወንበሩ ይጠፋና መንገድ መሃል ይወድቃል። ሊራመድ ሲል ገደል አፋፍ ላይ ነው። ዘወር ሲል አንበሶች ከበውታል። ከዚያ በረሃ። ከዚያ ባሕር መሃል ያለ ድንጋይ። ወደ ባሕሩ ሲወረወር በረዶ ውስጥ ይሰካል። ይህ ሁሉ ያለ ኮምፒውተር ነው። ርቀቱን በጥንቃቄ እየለኩ፣ ሰውየውን ከቦታ ቦታ እዚያው ነጥብ ላይ እያቆሙት የተሠራ ነው። መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም አፍ ያስከፍታል።

በዚሁ ፊልም ላይ ከባቡር ጣቢያ የውኃ ጋን ውኃው ሲወርድበት ኪተን አንገቱ ተሰብሯል። ራሱን ቢያመውም ሥራውን ቀጠለ። ስብራቱ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ሐኪም በራጅ ሲያየው ነው። በ1928 በወጣው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ደግሞ ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝን የቤት ግድግዳ ፊት ለፊት ይወድቅበታል። የሚተርፈው የቆመው ልክ በመስኮቱ ክፍተት ስለሆነ ነው። ግድግዳው እውነተኛ ነው። ትንሽ ዞር ቢል አበቃለት።

ቀጥሎ «ዘ ጄነራል» ይምጣ፤ 1926። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ባቡሩን የተሰረቀ ሹፌር ታሪክ ነው። ሙሉ ፊልሙ የባቡር ማሳደድ ነው ማለት ይቻላል። እውነተኛ ባቡር በሚቃጠል ድልድይ ላይ ሄዶ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። ለዚያች አንዲት ትዕይንት 42 ሺህ ዶላር እንደወጣ ይነገራል። እኔ የምወዳት ግን ሌላዋን ናት። የሚወዳት ልጅ ፈሪ መስሏት ፊቷን አዙራበታለች። ሄዶ የባቡሩ ጎማዎች በሚያያዙበት ብረት ላይ ቁጭ ይላል፤ አንገቱን ደፍቷል። ባቡሩ ቀስ ብሎ ይነሣል። ብረቱ ከነሰውየው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። እሱ አላወቀም። ሐዘን እንዲህም ይታያል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጀግናው የሚሰለፈው ባርነትን ይዞ ለመቆየት ከተዋጋው ከደቡቡ ወገን ነው። ፊልሙ ይህን አያነሣም፤ ተመልካቹ ግን ሊያውቀው ይገባል።

ቻርሊ ቻፕሊንን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ባርኔጣውን፣ ከዘራውንና ጢሙን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ቁርጥራጩን ነው፤ አንድ ሙሉ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ያየ ያን ያህል ብዙ አይደለም። በ1921 ከወጣው «ዘ ኪድ» ጀምሩ። ድሃ ሰው የተጣለ ሕፃን አግኝቶ ያሳድጋል። ልጁ የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፤ አባትየው መስታወት ገጣሚ ሆኖ «በአጋጣሚ» ብቅ ይላል። እኔ ይህን ከእናቴና ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ሶፋ ላይ አይቼዋለሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ ልጁም ገና ማንበብ አልጀመረም። በመሃል የሚመጣውን ጽሑፍ ልተረጉም ስል እናቴ «ተወን፣ ገብቶናል» አለችኝ። ልጁን ሊወስዱት ሲመጡ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ። የመስከረምን ፀሐይ ያህል ደምቆ የገባኝ ያኔ ነው፦ እነዚህ ፊልሞች አስተርጓሚ አይፈልጉም።

«ዘ ጎልድ ራሽ» (1925) ውስጥ ቻፕሊን በረሃብ ጫማውን ቀቅሎ ይበላል። ጫማው ሊኮሪስ ከሚባል ጣፋጭ የተሠራ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን «ሲቲ ላይትስ» አለ። የወጣው በ1931 ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደ ንግግር ከዞረ በኋላ ቻፕሊን እምቢ ብሎ የሠራው ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ከባድ እንቆቅልሽ ነበረበት። ዓይነ ስውር የሆነች አበባ ሻጭ ይህን ለማኝ የመሰለ ሰው ሀብታም ነው ብላ እንድታምን ያስፈልጋል። ድምፅ በሌለበት ፊልም እንዴት? መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። ቻፕሊን ፖሊስ ሸሽቶ በቆመ የሀብታም መኪና ውስጥ ገብቶ በሌላው በር ይወጣል፤ በሩን ይዘጋል። ልጅቷ የበሩን ድምፅ ትሰማለች። አበባ ትሸጥለታለች። መልሱን ሳትሰጠው የመኪናው ባለቤት መጥቶ ይገባና ይሄዳል። እሷ የሄደው ገዢዋ መሰላት። እሱ ደግሞ ገባው፤ በእግሩ ጣት ቀስ ብሎ ራቅ ይላል። የበሩን ድምፅ እኛ አልሰማንም፤ ፊቷ ላይ ግን አየነው። ይህችን ትዕይንት ቻፕሊን 342 ጊዜ እንዳነሣት ይጠቀሳል። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ሌላው የዘመኑ ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድ የሚታወቀው «ሴፍቲ ላስት» (1923) ላይ ከፎቅ ሰዓት ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ያን ሲሠራ ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣት አልነበረውም፤ በ1919 ፎቶ ሲነሣ የውሸት የመሰለው ቦምብ ፈንድቶበት ነበር። በጓንት ይሸፍነው ነበር።

ኮሜዲው ከተወደደ ወደ ድራማ ማለፍ ይቻላል። እዚህ ላይ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ሙርናው ይቀድማል። «ዘ ላስት ላፍ» (1924) የአንድ የሆቴል በረኛ ታሪክ ነው። ሽማግሌው በዩኒፎርሙ ይኮራል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያከብረዋል። አንድ ቀን አርጅተሃል ተብሎ ካፖርቱን አውልቀው የመጸዳጃ ቤት ጠባቂ ያደርጉታል። ፊልሙ ውስጥ የሚነበብ ጽሑፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ነገር በትከሻውና በአረማመዱ ይነገራል። ሙርናው ከዚያ ወደ ሆሊውድ ሄዶ በ1927 «ሰንራይዝ»ን ሠራ። አንድ ገበሬ፣ ሚስቱና ከከተማ የመጣች ሴት ናቸው። ከሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

የእሱ «ኖስፌራቱ» (1922) አስፈሪ ፊልም ለሚወዱ ነው። ከድራኩላ ልብ ወለድ ያለ ፈቃድ ስለተወሰደ የደራሲው ሚስት ከሰሰች፤ ፍርድ ቤት ኮፒዎቹ እንዲጠፉ ወሰነ። አንዳንዱ ተርፎ እኛ ዘንድ ደረሰ። የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» (1927) ተቆራርጦ ከኖረ በኋላ በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ ረዘም ያለ ኮፒ ተገኘ፤ 25 ደቂቃ ያህል ተመለሰለት። ግሩም ፊልም ነው፤ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሆነ መጀመሪያ አትክፈቱት። የሶቪየቱ ዳይሬክተር የአይዘንስታይን «ባትልሺፕ ፖተምኪን» (1925) ከዚያ በጣም ያጥራል። ኦዴሳ ከተማ ደረጃ ላይ የሚሆነውን አንዴ ካያችሁ አይረሳም።

ለልጆች የሜሊየስን የ1902 የጨረቃ ጉዞ አሳዩ፤ ሮኬቱ የጨረቃዋ ዓይን ላይ ይሰካል። የሎተ ራይኒገር «ፕሪንስ አህመድ» (1926) ከጥቁር ወረቀት በመቀስ እየተቆረጠ የተሠራ ነው። እስከ ዛሬ ከተረፉት ረጅም የአኒሜሽን ፊልሞች ሁሉ አንጋፋው ነው።

የፊልም ታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚያነሡት «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» (1915) አለ። ኩ ክለክስ ክላን የሚባለውን ጥቁሮችን የሚያሸብር የነጮች ቡድን ጀግና አድርጎ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ፊልም ነው። ለጀማሪ አልመክረውም። ይልቅ «ዊዚን አወር ጌትስ»ን (1920) እዩ። የጥቁር አሜሪካዊው የኦስካር ሚሾ ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጠፍቶ ኖሮ አንድ ኮፒ ስፔን ውስጥ ተገኘ።

መጥፋት የዚህ ዘመን ትልቁ ሐዘን ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ11 ሺህ ገደማ ድምፅ አልባ ረጅም የአሜሪካ ፊልሞች 70 በመቶው ጠፍቷል። በመጀመሪያ መልካቸው የቀሩት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ያኔ የሚጠቀሙበት ናይትሬት ፊልም እንደ ገለባ ይነዳል። በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ የፎክስ ኩባንያ መጋዘን ተቃጥሎ ስንቱን ይዞ ሄደ።

የቀሩትን ማግኘት ግን ቀላል ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1930 በፊት የወጡ ፊልሞች የቅጂ መብታቸው አብቅቷል። ኢንተርኔት አርካይቭና ዩቲዩብ ላይ በነፃ ሞልተዋል። ስታዩ ስልካችሁን ራቅ አድርጉ። ንግግር ያለበትን ፊልም ወጥ እየሠሩም በጆሮ መከታተል ይቻላል። ይሄን አይቻልም፤ ዓይን ዞር ካለ ታሪኩ ያልፋል።

የዴንማርካዊው ዳይሬክተር የድሬየር «ዘ ፓሽን ኦፍ ጆን ኦፍ አርክ» (1928) ለኋላ ይቆይ። ተዋናይቷ ፋልኮኔቲ ያለ ሜካፕ ናት፤ ካሜራው ከፊቷ አይርቅም። ኮፒዎቹ የሚወጡበት የመጀመሪያው ፊልም (ኔጋቲቭ) ተቃጠለ። ፊልሙ ለዘላለም የጠፋ መሰለ። በ1981 ኦስሎ አቅራቢያ በአንድ የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል ቁም ሣጥን ውስጥ የፊልም ጣሳዎች ተገኙ። ሲከፈቱ እሱው ነበር፤ ሙሉው። አሥር ፊልም ካያችሁ በኋላ፣ ማታ፣ ብቻችሁን እዩት።